የጥጥ በረዶ

እናላችሁ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አሶሳ ከአውሮፕላን ወርጄ አንድ ሆቴል ስገባ፣ እንግዳ መቀበያው ጥግ የፕላስቲክ ዛፍ ቆሞ አየሁ። ቅርንጫፎቹ ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ከበላዩ ማራገቢያው ይሽከረከራል። ጥጡ በነፋሱ እየተነቀለ ወለሉ ላይ ይንከባለላል፤ አስተናጋጁ ደግሞ ጎንበስ ብሎ እየለቀመ መልሶ ይለጥፈዋል።

«ይሄ ነጩ ነገር ምንድን ነው?» አልኩት።

«በረዶ ነዋ ጋሼ!»

«በረዶ አይተህ ታውቃለህ?»

«እንዴ! በክረምት ጣራውን ሲደበድበው! አንድ ዓመት የአባቴን ማሽላ ድምጥማጡን ነው ያጠፋው።» እጁ ላይ ያለውን ጥጥ ትክ ብሎ አየና ሳቀ። «ይሄኛው ግን ሌላ ሳይሆን አይቀርም።»

ልጁ ልክ ነው፤ ሌላ ነው። እኛ በረዶ የምንለው እንደ ጠጠር እየወረደ ቆርቆሮ የሚያንኳኳውን ነው። ያ በፈረንጅ ፊልም ላይ እንደ ጥጥ የሚረግፈው ነገር በመጻሕፍት «አመዳይ» የሚል ስም ባያጣም፣ ቃሉን ይዛችሁ ገበያ ብትወጡ የሚገባው አታገኙም። አፋችን ላይ ቃሉ የሌለንን ነገር ነው እንግዲህ ዛፍ ላይ የምንለጥፈው።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት «መቼት» የምትባለዋ ነገር ብዙ ቀይ እስክሪብቶ አስጨርሳኛለች። «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዷት ቃል ናት። ተማሪው ጥር ላይ ጭቃ የሚያቦካ ገጸ ባሕርይ ጽፎ ሲያመጣ ከሥሩ አሰምርና «መቼቱን አስተካክል» እለዋለሁ። የበዓል ሰሞናችንንም እንደ አንድ የተማሪ ድርሰት ብናርመው የመጀመሪያው ቀይ መስመር የሚያርፈው ጥጡ ላይ ነው።

ለምን መሰላችሁ? አባቶቻችን ዓመቱን ለአራት ሲከፍሉት መጸው ታኅሣሥ 25 ላይ ያበቃና በማግስቱ ሐጋይ፣ ማለትም በጋ ይገባል። ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ገናችን የበጋ አራተኛ ቀን ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥኖቻችን ግን የውጭውን ወሬ ሲተረጉሙ «የክረምት በዓላት ሰሞን» ይሉናል። ክረምትማ እኛ ዘንድ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ነው። ጭቃ አለው፣ ጎርፍ አለው፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት አለው።

«ታዲያ ጥጥ ምን በደለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥጡስ አልበደለኝም። ነገር ግን ወቅት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ወቅት ጠባይ ነው። በረዶ በሚከመርበት አገር ያለ ሰው በሩን ዘግቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር እሳት ዳር ቢቀመጥ መቼቱ አስገድዶት ነው። የእኛ በጋ የተሠራው ለተቃራኒው ነው። እህል ጎተራ ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ክረምቱን ሙሉ ሰውን ከሰው የለየው ወንዝ ጎድሏል። ሠርጉ ሁሉ በዚህ ወቅት የሚደገሰው፣ ዘመድ ዘመዱን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ገና ጨዋታውን እንኳ አስታውሱ። ጠማማ ዱላ ይዞ ሩር ሊመታ ሜዳ የሚወጣው መንደሩ በሙሉ ነው፤ ጌታና ሎሌ በአንድ አቧራ ይነክሩት ነበር። የእነዚያን ጌጥ ስናመጣ የተዘጋውንም በር አብረን አምጥተነው ይሆን? ይህን የምጠይቀው ጥያቄውን አንዲት ልጅ አስቀድማ ስለጠየቀችኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. ገና ነው። አሶሳ የሚያስተምር የቀድሞ ተማሪዬ የ15 ዓመት ሴት ልጁን «መምህር፣ በዓልን በትልቅ ከተማ ትየው» ብሎ ላከልኝ። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያን ያህል መንገድ የመጣች ልጅ አፍሬ እንዳልመልሳት ፕሮግራም አወጣሁ፤ በወረቀት፣ በሰዓት። አንደኛው ቀን ለገና ባዛር፣ ኤግዚቢሽን ማዕከል። ሁለተኛው ቀን በዚያው ዓመት መስከረም ማብቂያ ላይ ለሕዝብ ለተከፈተው የቤተ መንግሥቱ አንድነት ፓርክ። ሦስተኛው ቀን ለስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ፣ ማሳረጊያው ኬክና ማኪያቶ።

ልጅቱ ሁሉንም ወደደችው። አንድነት ፓርክ የክልሎችን ማሳያ ስናይ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጋ ደርሳ እግሯ አልነቀል አለ፤ ስልኬን ተቀብላ ለአባቷ ፎቶ አነሳች። እኔም በራሴ ኮራሁ። መደበኛው መግቢያ ያኔ 200 ብር ነበር፤ የሁለታችንን ስከፍል የደመወዜን ስፋት ለአፍታ ረስቼው ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ግን ሻይዋን እያማሰለች ቀስ ብላ፦

«ጋሼ፣ ሰው ጋ የምንሄደው መቼ ነው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። «ሦስት ቀን ሙሉ በሰው መሃል ስንጋፋ አልነበር እንዴ?»

«እሱማ አዎ። የምናውቀው ሰው ጋ ማለቴ ነው።»

እኔም ማሰብ ጀመርኩ። እህቴ ሰሚት ናት፤ ሩቅ ነው። ወንድሜ ጀሞ ነው፤ የታክሲው ሰልፍ አይሞከርም። ከእኔ ጋር አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ያለችው ጎረቤቴስ? ስሟን አላውቀውም። ኮንዶሚኒየም ከገባን ስንት ዓመታችን! ለበዓል የምንገናኘው ኮሙናሉ ጋ፣ በጉን ለማረድ ተራ ስንጠብቅ ነው፤ እዚያም ወሬያችን ስለ ቢላዋ ነው። ለእህቴና ለወንድሜ ስልክ ደወልንላቸው፤ ለሌላው ሁሉ ከአንድ ወዳጄ የደረሰኝን «እንኳን አደረሳችሁ» ስሙን ቀይሬ በሞባይል አሻገርኩት። ልጅቱ ምንም አላለችም። ጨዋ ናት።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል፣ አዲስ አበባ የጋራ በዓል የላትም አልልም። ጥምቀት አለ። ዩኔስኮ በዚያው በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መግቢያ ላይ መዝግቦታል። ጃንሜዳ የሚወርደው ሕዝብ ቲኬት አይቆርጥም፤ ተመልካችና ታዳሚ ብሎ የሚለየውም የለም። ኋላ በኮሪደር ልማቱ የሰፋው የእግረኛ መንገድም ኪሱ ባዶ የሆነውን ቤተሰብ ማታ ማታ አምፖል እያየ እንዲንሸራሸር አድርጎታል፤ ይህን አለማመስገን ንፉግነት ነው። የእኔ ቅሬታ ሽርሽሩ ላይ ሳይሆን ሽርሽሩ ጥየቃን መተካቱ ላይ ነው። በዓልን ወጥተን የምናየው ነገር አደረግነው፤ ማየት ደግሞ ከሚታየው ሰው ጋር አያነካካም።

አለመነካካታችን ምን ያህል እንደሆነ ያወቅኩት በዓመቱ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚሁ ክልል፣ በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ በምትባል ቀበሌ፣ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ታጣቂዎች ደረሱበት። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የሟቾቹ ቁጥር ከ100 እንደሚበልጥ አስታወቀ፤ ቁጥሩ ከዚያም በላይ ሆነ። ከመተከል የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ቻግኒ ጎረፈ። ለገና 15 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

በዋዜማው ስልኬ ጠራ። ተማሪዬ ነው። እኔ አንድ ባዛር ውስጥ፣ ድምፅ ማጉያ ሥር ነኝ። «መምህር፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች...» ሲል ሰማሁ፤ ቀሪው በሙዚቃው ተዋጠ። «እዚህ ጩኸት ነው፣ መልሼ እደውልልሃለሁ!» ብዬ ዘጋሁ። የሚስቱ ወገኖች ቡለን መሆናቸውን አውቅ ነበር። ከባዛሩ መውጫው ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፤ ወጥቼ መስማት እችል ነበር። አልወጣሁም። በማግስቱ በዓል ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ «አሁንማ ምን ብዬ?» የሚባለው ነገር መጣ። ሐፍረት እንዲህ ነው፤ ባደረ ቁጥር ስልኩ ይከብዳል።

እንግዲህ አሶሳ የሄድኩት ለዚህ ዕዳ ነው። አራት ዓመት ዘግይቼ።

ልጅቱ 20 ዓመት ሞልቷት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የገና ዕለት ጠዋት ሆቴሉ ድረስ መጣችና፦ «ጋሼ፣ ፕሮግራም አውጥቼልዎታለሁ» አለችኝ። ወረቀት ዘረጋች። አንድም የሚጎበኝ ሥፍራ የለበትም። የሰባት ቤት ዝርዝር ነው።

ከራሳቸው ቤት ጀመርን። ጓዳው ውስጥ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቦታ ተጥዷል። የአንደኛውን ዶሮ በማለዳ «ቢስሚላህ» ብሎ የባረከው የጎረቤታቸው የበርታ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሙስሊም እንግዳ ሳይበላ እንዳይወጣ። ማንኪያዎቹ እንኳ አይቀላቀሉም። ይህ በብዙ አገራችን ያለ ወግ ነው፤ እኔ ግን መቼ እንደተውኩት አላስታውስም። ቀጥሎ እነዚያው የበርታ ጎረቤቶች ጋ ገባን። አሮጊቷ በአማርኛም በበርታኛም መረቁኝ፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡ። ሦስተኛው ቤት በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሰው ጋ ነው። በሕፃንነታቸው ያለፈቃዳቸው የመጡበትን አገር ማንጎ ተክለውበት፣ ልጅ ድረውበት፣ ዛሬ «አገሬ» ይሉታል። ቀትር ሆኗል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሳይጠጋ አልቀረም። የሆቴሉን በረዶ አስታወስኩ።

አራተኛው ቤት የተማሪዬ ባለቤት እህት ቤት ነበር። ከቡለን የመጣችው እሷ ናት። ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ የነገረኝም የለም። ቡናውን ቀድታ ስትሰጠኝ ተማሪዬ ድንገት፦ «መምህር ያን ጊዜ ደውለው ነበር እኮ፤ ኔትወርክ እምቢ አለ እንጂ» አላት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

ተማሪዬ የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው። ላርመው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እውነቱን ማውጣቱ ለእሷ ይጠቅማል ወይስ ለእኔ ብቻ ብዬ አመነታሁ። ቡናዬን ጠጣሁ። ሰባተኛውን ቤት ጨርሰን ስንወጣ ለብቻው «ይቅር በለኝ» አልኩት። «መጥተዋል አይደል?» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ማታ መብራት ሄደ። ሻማ ሲለኮስ ተማሪዬ እየሳቀ፦ «የአዲስ አበባን የበዓል አምፖል ከሚያበሩት አንዱ እኛ ነን መምህር፤ ቢያንስ እናንተ ጋ ይብራ» አለ። ቀልድ ነው፤ ግን አልዋሸም። ከየካቲት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ያለው በዚሁ ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ነው። ከዚያ የሚመጣውን ብርሃን በየአደባባዩ ዛፍ ላይ ጠምጥመን ፎቶ እንነሳበታለን። የአካባቢውን ሰው ግን በዓል በመጣ ቁጥር የምናየው በቴሌቪዥን ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ፣ ሲጨፍር። በኩጂን በካርታ ላይ አሳዩ ብንባል ከመሃላችን ስንቱ ያሳያል?

አዲስ አበባ ተመለስኩ። ጥምቀት አለፈ። የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጥር 12፣ ዳቦ በፌስታል ይዤ ያችን በር ለበር ያለችውን ጎረቤቴን አንኳኳሁ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰው ሲያይ ምን ይላል? በሩ በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አለ።

«ምነው ጋሼ፣ ውሃ መጣ እንዴ?»

«ኧረ አይደለም፤ እንኳን አደረሰሽ ልበል ብዬ ነው።»

አየችኝ፤ ፌስታሉን አየች። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች፣ እየተጠራጠረችም ቢሆን። ከዚያ ሰንሰለቱ ሲወርድ ሰማሁ። «ቤቱ ተዝረክርኳል እንጂ... ይግቡ።»

ገባሁ። ጥግ ላይ የፕላስቲክ ዛፍ ቆሟል፤ ጥጥ አለበት። ምንም አላልኩም። ስሟን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ፤ ቡና ልትቆላም ተነሳች።