ለሽማግሌ በሽታ የወጣት አይጥ

ነቀምቴ ወይም ጊምቢ ያሉ አንድ የ65 ዓመት አዛውንት ለወራት ደረቅ ሳል ቢይዛቸው፣ ትንሽ ዳገት ሲወጡም ትንፋሽ ቢያጥራቸው ምን ትጠረጥራላችሁ? ቲቢ፣ አስም፣ የማገዶ ጭስ። ልክ ናችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው። አልፎ አልፎ ግን አይፒኤፍ የሚባል፣ መነሻው በውል ያልታወቀ የሳንባ ጠባሳ በሽታ ይሆናል። ሐኪሙ ስቴቶስኮፑን ከጀርባቸው ታችኛው ክፍል ላይ ሲያደርግ የጫማ ቬልክሮ ሲላቀቅ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ለማረጋገጥ ደግሞ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ሕክምና ካላገኙ ብዙዎቹ ታማሚዎች በሽታው ከታወቀ በኋላ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆዩት።

ስለዚህ በሽታ የሚጻፈው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ «ሳንባ ይቆስላል፣ ጠባሳ ይይዛል» ብሎ ያበቃል። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። የሁላችንም ሳንባ ይቆስላል እኮ! ጥያቄው የኛ ለምን ይድናል ነው።

የአየር ከረጢቶቻችንን ግድግዳ የሚጠግኑት «ዓይነት ሁለት» የሚባሉ ህዋሳት ናቸው። እየተባዙ የሞተውን ይተካሉ። በተባዙ ቁጥር ግን የክሮሞሶማቸው ጫፍ፣ ማለትም ቴሎሜሩ፣ ያጥራል። በጣም ሲያጥር ህዋሱ መባዛት ያቆማል። አይሞትም፤ ቁጭ ብሎ የድረሱልኝ ኬሚካል ይረጫል። ጥሪውን ሰምተው የሚመጡት ፋይብሮብላስቶች ደግሞ የሚያውቁት አንድ ሥራ ነው፦ ኮላጅን መለሰን። የጭቃ ቤት በየዓመቱ በላዩ ላይ ሲመረግ ግድግዳው ይወፍር የለ? ለቤት ጥሩ ነው፤ ኦክስጅን ሊያልፍበት ለሚገባ ስስ ግድግዳ ግን ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሽታው በዘር በሚተላለፍባቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ቴሎሜርን የሚያድሰው ኢንዛይም ጂን ጉድለት ተገኘበት። እርጅናው እንግዲህ ከበሽታው በኋላ የመጣ ብቻ አይደለም፤ በሽታውን ከሚያመጡት አንዱ ነው።

ታዲያ ለአሥርተ ዓመታት መድኃኒት ሲሞከር የኖረው በአብዛኛው በምን ላይ ነው? በወጣት አይጦች! ብሊዮማይሲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ሳንባቸው ውስጥ ይጨመራል፣ ጠባሳ ይፈጠራል፣ ከዚያ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። መሐንዲስ ነኝና ነገሩ አይዋጥልኝም፤ 40 ዓመት ያገለገለ ድልድይ ለምን እንደተሰነጠቀ ለማወቅ ትናንት የተሞላ ኮንክሪት አይፈተሽም። እርግጥ ነው፣ አይጥን 18 ወር ቀልቦ ማስረጀት ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ሉዊዝ ሄከርና ባልደረቦቿ ይህንኑ አደረጉ። የ2 ወርና የ18 ወር አይጦች ሁለቱም ጠባሳ ያዙ፤ የወጣቶቹ ለቀቀ፣ የአሮጌዎቹ እዚያው ቀረ። በዚያው ዓመት አሜሪካ የፈቀደቻቸው ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብም በሽታውን ያዘገያሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም።

ያረጁትን ህዋሳት ማስወገድስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ዳሳቲኒብና ኬርሴቲንን አቀናጅቶ ለ14 ታማሚዎች ለ3 ሳምንት ሰጠ። በ6 ደቂቃ የሚራመዱት ርቀት ጨመረ፣ የሳንባቸው አቅም ግን አልተለወጠም። የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። መድኃኒት መውሰዱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ትንሽ በርታ ብሎ ሊራመድ ይችላል። ኬርሴቲን ቀይ ሽንኩርት ውስጥ አለና «ሽንኩርት ሳንባን ያድሳል» የሚል ቪዲዮ ካያችሁ እለፉት።

ያረጀችው አይጥም ብትሆን አንዴ ነው የምትጎዳው። የደምቢ ዶሎዋ እናት 50 ዓመት ሙሉ ጧትና ማታ ምድጃ ሥር ጭስ ስባለች። እርጅናና ጭስ አንድ ላይ የተፈተኑበት ሙከራ ሲመጣ፣ ውጤቱን መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ።