ሁለት እግር፣ አንድ ዛፍ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገሬ ሰው። ቢሮዎቻችን ተረቱን መመሪያ አደረጉት ልበል? ሥራ ያጣ ሰው ለዕለት ገቢ አንዱ ጋ፣ ለሥልጠና ሌላው ጋ ስሙን ቢያስመዘግብ «ሁለት ቦታ ምን ትሠራለህ?» ባይ አያጣም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያም አብራ ሄደች። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ካሳው ብዙ ተባለ። ሥጋ ቆራጩስ? ሳህን አጣቢዋስ? ቤት ያለው ምትክ ይጠይቃል፤ ሥራው ብቻ የነበረው ምን ይጠይቅ?

እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ችግር ባንድ ቀን ነው የሚገጥመው፦ የዛሬ እራትና የነገ ሙያ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀነሰ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ ይፈቅዳል፤ ክፍያው ግን ያልቃል። ሥልጠናም ሙያ ይሰጣል፤ በባዶ ሆድ ግን ስንት ቀን ይማሯል?

ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ድሃውን በጽዳት ሥራ እየከፈለ፣ እያስቆጠበ፣ ኋላም መነሻ ገንዘብ ሰጥቶ ለማሻገር የታሰበ ነበር። ግን ለድሃ ቤተሰብ እንጂ ትናንት ከሥራ ለወጣ አስተናጋጅ አልተሰፋም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ደንብ፣ በውጭ ንግድ ሳቢያ ሥራ ያጡትን በሁለት ፕሮግራም አጣምሮ መመዝገብን ግዴታ አድርጋ ነበር።

አጭበርባሪ የለም አልልም። አንዱን ጥቅም ሁለቴ መውሰድና ለሁለት ጉድለት ሁለት ድጋፍ ማግኘት ግን ለየቅል ነው። መዝገቡ አንድ ይሁን፤ ድጋፉ ሁለት። ተረቱም አልዋሸም፤ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንዱን ለመውጣት ግን ሁለቱም እግር ያስፈልጋል።