ጥሩ የዕረፍት ቀን በምን ይታወቃል?

የብስክሌት ጉዞ የሚያስተባብር ሰው ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው በመንገዱ ነው፤ ቡድኑን በማለዳ በማስነሣቱ፣ ውኃና ስንቅ ባለማጓደሉ፣ ሁሉንም በሰላም በማድረሱ። እኔ የአስተባባሪን ችሎታ የምመዝነው ብስክሌት በማይነዳበት ቀን ነው። አቀበትን ሰው በጉልበቱ ይወጣዋል፤ የዕረፍት ቀንን የሚያሳምረው ግን ማስተዋል ነው። በደንብ የታሰበበት ቀን ሰውነት ይጠግናል፣ አገር ያሳያል፣ ለቀናት አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ ሲነዱ የከረሙ ሰዎችን ፊት ለፊት ያገናኛል። ያልታሰበበት ደግሞ ሰዉን ከአቀበት ይብስ አድክሞ ለማግስቱ ያስረክበዋል።

ለመመዘኛ ባሕር ዳርን እወስዳለሁ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣ ቡድን እዚያ ሲደርስ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቷል፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ቁልቁለትና አቀበት፣ ተሻግሯል። ጎንደር ለመግባት ገና 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው፣ ከካይሮ ኬፕታውን የሚዘልቀው የብስክሌት ጉዞ ቱር ዳፍሪክም ኢትዮጵያን ሲያቋርጥ በጎንደርና በባሕር ዳር ያልፍ ነበር። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ የአስተባባሪን ምርጫ ለመፈተን ከዚህች ከተማ የተሻለ አላውቅም፤ የሚታየው ነገር ከአንድ ቀን በላይ ነውና።

ቀኑ የት ላይ ወደቀ?

መጀመሪያ የሚታየው የቀኑ ቦታ ነው። ጥሩ የዕረፍት ቀን የሚውለው ከከባዱ መንገድ በኋላ፣ ሰውነት በሚጠይቀው ጊዜ እንጂ የቀን መቁጠሪያው ስለፈቀደ አይደለም። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጎጃም ደጋ የወረደ ሰው አየሩ ይቀለዋል፣ እንቅልፉም ይጠልቃል። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ብስክሌት የነዋሪው የዘወትር መጓጓዣ በመሆኑ ካላማዳሪ የሚለጥፍ፣ ካቴና የሚያጠብቅ ሰው ሩቅ አይፈለግም። ፋርማሲም ባንክም በእግር ይደረስባቸዋል።

ሁለተኛው ምልክት ከዋዜማው ይጀምራል። ቡድኑ ከመምሸቱ በፊት ገብቶ ልብሱን ለአጣቢ ሰጥቶ ከተኛ ቀኑ ሙሉ ነው። በጨለማ ከገባ ግን ግማሹ ቀን የትናንቱን ሥራ በመጨረስ ያልቃል። ስለዚህ አስተባባሪው በዋዜማው አጭር ርቀት መድቦ እንደሆነ ጠይቁ። ካልመደበ፣ ቀኑን ስም ብቻ አድርጎታል።

ከብዙው አንዱ

አሁን ዋናው ፈተና ይመጣል፤ ምን ይታይ? ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከ40 ሜትር በላይ ከሚሆን ከፍታ ይወርዳል። ክረምቱ ሲወጣ ኃይሉ ያስደነግጣል። በበጋ ግን ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል። ከመኪና ከወረዱ በኋላም ወጣ ገባ ያለ የእግር መንገድ አለው፤ ለዛለ ጉልበት ይህ ሌላ የሥራ ቀን ነው። የጎብኚ ሁሉ ምርጫ ስለሆነ ብቻ፣ በየካቲት ወር የደከመ ቡድን ጭኖ ወደዚያ የሚሄድ አስተባባሪ ወቅቱንም ሰዉንም አላየም።

ዘጌ ከዚህ ይለያል። መንገዱ በጀልባ ነው፤ እግር ያርፋል፣ ዓይን ይሠራል፤ ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ይታያሉ። ባሕረ ገብ መሬቱ በቡና ደን የተሸፈነ ነው፤ በዚያ ባሉት ገዳማት ወግ መሬቱን በበሬ ማረስ ክልክል ሆኖ በመቆየቱ ጫካው እስከ ዛሬ ቆሟል። ከወደቡ ጥቂት ሄዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይደረሳል፤ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳም ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። እዚያ ተቀምጦ አንዱን ታሪክ ከሥዕል ሥዕል መከተል ሦስት ገዳማትን በጥድፊያ ከመዞር ይበልጣል።

ጥሩ መራጭ ማንን ይዞ እንደሚሄድም ያስባል። ሐይቁ ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡበትም። ሴቶች ያሉበትን ቡድን ወደዚያ መውሰድ ግማሹን ጀልባ ላይ ማስቀረት ነው፤ አብረው በረሃ የተሻገሩ ሰዎችን በዕረፍታቸው ቀን መለያየት ትልቅ ጉድለት ነው። ኡራ ለሁሉም ክፍት ነው። የቅዳሴው ሰዓት በዋዜማው መጠየቅ አለበት፤ በጾም ቀን ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘልቅ። ልብስም እንዲሁ። የብስክሌት ጠባብ ቁምጣ ለገዳም አይሆንም፤ ረጅም ሱሪ፣ ቀሚስና ነጠላ እንዲያዝ አስቀድሞ የተናገረ አስተባባሪ አገሩንም እንግዳውንም ያከበረ ነው።

ጀልባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ተነሥቶ ከቀትር ብዙ ሳይርቅ ቢመለስ ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ያስቸግራል። የጀልባው ዋጋ፣ የመግቢያውና የአስጎብኚው ክፍያ ቁርጥ ሆኖ ያደረ ከሆነ፣ ወደብ ላይ የሚያስከፋ ክርክር አይኖርም።

ባዶ የተተወው ከሰዓት

ከምሳ በኋላ ምንም ያልታቀደለት ቀን ካያችሁ፣ ያሰበበት ሰው እንዳለ እወቁ። በጡንቻ ውስጥ የሚከማቸውና ግላይኮጅን የሚባለው ስንቅ አንዴ ከተሟጠጠ፣ በቂ እህል ተበልቶም መልሶ ለመሙላት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። እንጀራ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሙዝ በብዛት፣ ከጎኑም የጣና ዓሣ፤ ገበታው እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። የሰባ ሥጋና ቢራ የበዛበት ምሳ ማታውን ያከብደዋል።

ፍጹም መቀመጥ የማይስማማው ሰውም አለ። በቱር ደ ፍራንስ ሁለት የዕረፍት ቀናት አሉ፤ ተወዳዳሪዎቹ በእነዚያም ቀናት አንድ ሁለት ሰዓት በዝግታ ይነዳሉ። እግሩ የደነዘዘበት ሰው በዘንባባ ጥላ ሥር፣ እንደ ልቡ እያወራ፣ ግማሽ ሰዓት ቢነዳ ይጠቀማል። ወሬው ከተቆራረጠ ፍጥነቱ በዝቷል።

ብስክሌቶቹም በዚሁ ሰዓት ይታዩ። ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት በኋላ የፍሬን ጎማ ሳይመረመር መቀጠል አደጋ ነው፤ አቧራ የጠጣ ካቴናም ተጠርጎ ዘይት መቀባት አለበት። አመሻሽ ላይ በባጃጅ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ ዓባይ ከጣና ተለይቶ ሲፈስ ማየት፣ ወይም በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በእግር መሻገር ለፈለገ ብቻ የሚቀርብ ነው።

የመቅረት ነጻነት

በመጨረሻ የቡድኑን ሁኔታ ተመልከቱ። «እኔ ዛሬ እተኛለሁ» ያለ ሰው ማብራሪያ ሳይጠየቅ የሚቀርበት ቡድን የሠለጠነ ቡድን ነው። ለሳምንት አንድ ላይ የበላና የተኛ ሰው ብቻውን መሆን ያምረዋል፤ ቤተሰቡ ጋ ይደውላል፣ ገበያ ይዞራል፣ አልጋው ላይ ይውላል። ሁሉም የሚገናኙበት አንድ ነገር ግን ያስፈልጋል፤ እሱም እራት ነው። በዚያ ገበታ የማግስቱ መንገድ በአጭሩ ይነገራል፣ ያመመው ሰው ሳይፈራ ይናገራል፣ ቅሬታም ካለ ሳያድር ይፈታል።

ውጤቱ የሚነበበው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሰዉ በሰዓቱ ወጥቶ፣ ብስክሌቱ ተዘጋጅቶ፣ ልብሱ ደርቆ፣ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ስለ ኡራ ሥዕሎች የሚያወራ ከሆነ ቀኑ ተሳክቷል። ስለ ድካሙና ስለ ሒሳቡ የሚያወራ ከሆነ አልተሳካም። እናንተ ተራው ደርሷችሁ ስታስተባብሩ፣ ለባሕር ዳርም ሆነ ለሌላ ከተማ፣ የሚታዩትን ሁሉ ጻፉና አንዱን ብቻ አስቀሩ። የሰረዛችኋቸው ቦታዎች ለሌላ ጊዜ ይቆያሉ፤ በዚያ ቀን ያላረፈ ጉልበት ግን መንገድ ላይ ዕዳውን ያስከፍላል።