የንባብ ቤቱ የኔታ ውለታ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ሲሆን፣ ሕፃናትን ከፊደል ጋር የሚያስተዋውቀውን መምህር ተማሪውም ወላጁም በአክብሮት «የኔታ» እያሉ ይጠሩታል። የቅኔ፣ የዜማና የትርጓሜ ሊቃውንት ስም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ሲወሳ፣ የንባብ ቤቱን መምህር ግን ብዙ ጊዜ ከአጥቢያው ውጭ የሚያውቀው የለም፤ ምስጋና በድካም ልክ ቢመዘን ኖሮ ግን ቀዳሚው እርሱ በሆነ ነበር።

ሕፃኑ የፊደል ገበታውን ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ እያንዳንዱን ሆሄ በስንደዶ እየነካ፣ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ መምህሩም ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የአንዱን ልጅ ስሕተት በጆሮው ለይቶ ያርማል። ልጁ ተራውን በቃሉ ሸምድዶ ያወቀ እንዳይመስል፣ ሆሄያቱ በሌላ ቅደም ተከተል የተሰደሩበት አቡጊዳ ይከተላል፤ ይህም ማወቅን ከመሸምደድ የሚለይ፣ ከልብ ሊደነቅ የሚገባው የማስተማር ብልሃት ነው። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም 150 መዝሙራትን የያዘው ዳዊት ይነበባል።

ልጁ ዳዊት ሲደግም፣ ማለትም መዝሙራቱን አንብቦ ሲዘልቅ፣ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው ለመምህሩ እንደ ዐቅማቸው ስጦታ ያቀርባሉ። ስጦታው ከውለታው ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም፤ እንዲህ ካለው ጅማሬ ታላላቅ ደራስያን ጭምር ወጥተዋልና። ለምሳሌ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም የትምህርት ጅማሬያቸው በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበር።