ራስላስና የተከታይ ፍርሃት

«ሰዎች ተማክረው ይከታተሉኛል» የሚሉ ዛሬ በየአገሩ እየተፈላለጉ ማኅበር ያቆማሉ። እኔም ነገሩን እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. በጻፈው፥ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ በመለሰው በ«ራስላስ» እመዝነዋለሁ።

መስፍኑ የተዘጋበት ሸለቆ ከአምባሰሉ ግሸን ወሬ የተቀዳ ነው። በግሸን የነገሥታት ልጆች እስከ 16ኛው መቶ ዓመት በእውነት በዘበኛ ይጠበቁ ነበርና፥ አንዱ «ይጠብቁኛል» ቢል እብድ ሊባል ባልተገባ። ሳይመረምሩ መሳቅ ነውር ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ዝናብና ፀሐይን አዛለሁ የሚል የከዋክብት መርማሪ አለ። ሴቶቹ ሲስቁበት ኢምላክ ይገሥጻቸዋል፤ ኋላም ወዳጅ ሆነው ሲያጫውቱት ሐሳቡ ይላላል፥ ብቻውን ሲቀር ግን ይመለስበታል። ይህ ስፍራ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል።

በመሰሎቹ ብቻ የተሞላ ማኅበር ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ይበጀዋል? የአንዱን ፍርሃት ሌላው ያጸናለታል፤ ያለፈው መኪና ሁሉ ምስክር ይሆናል። እኔ የምመርጠው፥ እንደ ዕድር፥ የሚያምነውም የሚጠራጠረውም አብሮ የሚቀመጥበትን ነው፤ ማስረጃ ያለውን ወደ ዳኛ፥ እንቅልፍ ያጣውን ወደ ሐኪም አጅቦ የሚሄደውን። ጆንሰን እንዲህ ያለውን አላሰበም፤ ለመርማሪው የሰጠው ጥቂት ባለጸጋ እንግዶችን ነው፥ እነርሱም መንገደኞች ናቸው።