የተረሳችው ሟች

ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ሰው ቴአትር አይቶ ሲወጣ «እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቁት ስለ ቴአትሩ የሚመልስ ይመስለዋል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ስለ ራሱ ነው። የሳቀበት ቦታ፣ ዝም ያለበት ቦታ፣ ያዘነለት ሰውና የረሳው ሰው ምን ዐይነት ልብ እንዳለው ይገልጡበታል። ይኸን ያስተዋልሁት የመስኮቡ ደራሲ የዶስቶየቭስኪ መጻሕፍት በመድረክ ላይ በቀረቡ ጊዜ ያስነሡትን ክርክር ሳነብ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞስኮ የኪነ ጥበብ ቴአትር በ1910 «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» የተባለውን ረጅም ልብ ወለድ በሁለት ምሽት ከፍሎ አሳየ። በ1913 ደግሞ አዘጋጁ ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ከሌላው የዶስቶየቭስኪ መጽሐፍ «ኒኮላይ ስታቭሮጊን» የሚል ቴአትር አውጥቶ ሲያሰናዳ፣ ስመ ጥሩው ደራሲ ማክሲም ጎርኪ በጋዜጣ ተቃወመው። ጎርኪ የዶስቶየቭስኪን ታላቅነት አልካደም። የፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መጽሐፍ ሲያነብ ሰው ቆም ብሎ ለማሰብና ለመመዘን ጊዜ ሲኖረው፣ በመድረክ ላይ ግን የታመመ ሐሳብ የተዋናይን ሥጋና ድምፅ ለብሶ ስለሚመጣ ተመልካቹን ይበክለዋል የሚል ነበር። ቴአትሩ በግልጽ ደብዳቤ መለሰለት፤ ብዙ ደራስያንም ጎርኪን ነቀፉት፤ ቴአትሩም ሳይቀር ታየ።

እኔ በጎርኪ ሥጋት አልስቅም። መድረክ ኀይል አለው፤ ኀይል ያለውንም ነገር መፍራት ሞኝነት አይደለም። ነገር ግን ጎርኪ መጽሐፉን ከመድረኩ ይልቅ አመነው። መጽሐፍም ያለ ሕሊና ከተነበበ እንደሚበክል ከ66 ዓመት በኋላ እዚያው ሞስኮ ውስጥ ታየ፤ ያን ጊዜም በሽታውን ለሕዝብ ያሳየው መድረኩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዘጋጁ ዩሪ ሊዩቢሞቭ በሚመራው በታጋንካ ቴአትር በ1979 «ወንጀልና ቅጣት» ቀረበ። ለመድረክ የጻፉት እሱ ራሱና ስለ ዶስቶየቭስኪ ብዙ የመረመረው ዩሪ ካርያኪን ነበሩ። በ1866 የታተመውን የዚህን መጽሐፍ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ራስኮልኒኮቭ የሚባል ትምህርቱን ያቋረጠ ድኻ ተማሪ፣ ሰዎችን ተራና ልዩ ብሎ በሐሳቡ ይከፍላል። ልዩ የሆነ ሰው ለትልቅ ዓላማ ደም ተሻግሮ ቢያልፍ አይፈረድበትም ብሎ ራሱን ያሳምናል፤ ከዚያም በመያዣ ገንዘብ የምታበድር አንዲት ስስታም አሮጊት በመጥረቢያ ይገድላል።

የታጋንካ ተመልካች ወደ ወንበሩ ለመድረስ የግድያውን ስፍራ ማለፍ ነበረበት። ሠዓሊው ዳቪድ ቦሮቭስኪ በደም የተበከለ በር ሠርቶ ነበርና፣ ከበሩ ዘንድ የተገደሉት ሁለት ሴቶች ወድቀው ይታያሉ። ትኬቱን ቆርጦ፣ ልብሱን አሳምሮ፣ ምናልባትም ከወዳጁ ጋር እየተጫወተ የመጣ ሰው፣ አንድ ቃል ሳይሰማ አስቀድሞ ሬሳ አየ ማለት ነው። ገዳዩ በኋላ ስለ ታላላቅ ሰዎችና ስለ ታሪክ ያማረ ነገር ሲናገር፣ ተመልካቹ እነዚያን ሁለት ሴቶች አላየሁም ሊል አይችልም።

ቴአትሩ ሲፈጸም ደግሞ ከመጽሐፉ ያልተወሰደ ነገር ተሰማ። አንድ ተማሪ ስለዚሁ መጽሐፍ በትምህርት ቤት ከጻፈው ድርሰት የተገኘ ቃል ነበር። ተማሪው ራስኮልኒኮቭ አሮጊቷን መግደሉ ትክክል እንደ ሆነ፣ የሚያሳዝነውም መያዙ ብቻ እንደ ሆነ ጽፏል። በዚያ አገር ትምህርት ቤት ራስኮልኒኮቭን ግፍ በሞላበት ማኅበር ላይ የተነሣ ዐመፀኛ አድርጎ ማስተማር የተለመደ ነበር። ልጁም የተማረውን ይዞ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ከዚህ የተነሣ ሐያስያን በሁለት ወገን ተከራከሩ። አንዳንዶቹ አዘጋጁ ለነፍሰ ገዳዩ ርኅራኄ ነፈገው፤ ዶስቶየቭስኪ ግን እየፈረደበትም ይወደው ነበር አሉ። ቭላዲሚር ቪሶትስኪ፣ ያ በዘፈኑ በመላው ሶቭየት ኅብረት የተወደደ ሰው፣ ስቪድሪጋይሎቭ የተባለውን ብልሹ ሰው ሁኖ ሲጫወት ከዋናው ሰው ይልቅ ልብ የሚነካው እሱ እንደ ነበር ተጻፈ። ቪሶትስኪ በሐምሌ 1980 ስለ ሞተ፣ ይህ በቴአትር ቤቱ የተቀበለው የመጨረሻ አዲስ ሚናው ሆነ። ሌሎቹ ሐያስያን ግን የአዘጋጁ ጭካኔ ተገቢ ነው፤ በነፍሰ ገዳይ ለሚቀና ትውልድ ሌላ መድኃኒት የለውም አሉ።

ሊዩቢሞቭ ይህንኑ ቴአትር በ1983 በለንደን ከእንግሊዝ ተዋንያን ጋር አዘጋጀው፤ የዓመቱ ምርጥ አዘጋጅ ተብሎም ተሸለመ። በዚያው ወራት የአገሩን የባህል ሹማምንት ነቅፎ ለጋዜጣ በመናገሩ ግን በ1984 ከቴአትር ቤቱ ተሻረ፤ ዜግነቱንም ተገፈፈ። ወደ አገሩ ለመመለስ የቻለው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ሽልማቱም ቅጣቱም ቴአትሩ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆኑም፤ ጥያቄው የቀረበው በዚያ በር ላለፈ ሰው ሁሉ ነበርና።

እንግዲህ ከሁለቱ ወገን የማንኛው ፍርድ ትክክል ነው? የአዘጋጁ እጅ ከደራሲው ይልቅ መክበዱን አልክድም። ዶስቶየቭስኪ ሶንያ የተባለችውን ምስኪን ልጅ አስነሥቶ ለገዳዩ የንስሐ መንገድ ከፍቶለታል፤ ስምንት ዓመት የሳይቤሪያ ግዞት ቢፈረድበትም ተስፋ አልነሣውም። ነገር ግን ተማሪውን ከመንቀፌ በፊት ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር።

መጽሐፉን በመጀመሪያ ሳነብ ወጣት ነበርሁ። ራስኮልኒኮቭ ከግድያው በኋላ በሩን በመንጠቆ ቀርቅሮ፣ መጥረቢያውን ይዞ ቁሞ ሳለ ሁለት ሰዎች መጥተው ከውጭ ያንኳኳሉ። እኔም ትንፋሼን ውጬ «አምላኬ፣ እንዳይያዝ!» ማለቴን አስታውሳለሁ። ደረጃውን ወርዶ ባዶ ቤት ውስጥ ተሸሽጎ ሲያመልጥ ደስ አለኝ። ተማሪው የጻፈውን እኔ በልቤ ብዬው ነበር፤ በወረቀት አላሰፈርሁትም እንጂ።

ልብ በሉ፤ ተማሪው የጻፈው አሮጊቷን ስለ መግደል ብቻ ነው። ከበሩ ዘንድ የወደቁት ግን ሁለት ነበሩ። ሁለተኛይቱ ሊዛቬታ ትባላለች፤ የአሮጊቷ እኅት ናት። አሮጊቷ የምትመታትና እንደ ባሪያ የምትገዛት፣ ለማንም ክፉ ያልተናገረች የዋህ ሴት ናት፤ የራስኮልኒኮቭን ሸሚዝ እንኳ የጠገነችለት እሷ ነበረች። ሳይታሰብ ወደ ቤት በመግባቷ ገደላት። መጥረቢያው ሲሰነዘርባት ፊቷን ለመከላከል እንኳ በወጉ እጇን አላነሣችም። በየትኛውም ትልቅ ሐሳብ ውስጥ ለእሷ ሞት ምክንያት አይገኝለትም። ራስኮልኒኮቭ ራሱ ስለ እሷ የማያስብበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ አንድ ቀን ይገርመዋል። ተማሪው ረሳት፤ እኔም እንዲያመልጥ ስመኝ ረስቻት ነበር።

ሊዛቬታን መርሳት ምን ማለት እንደ ሆነ ያወቅሁት ከራሴ በደል ነው። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ፈተና ላይ አጠገቤ የተቀመጠውን ጓደኛዬን መልስ ለመንሁት። እሱም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሲያቀብለኝ ወረቀቷ ወደቀች፤ መምህሩም ከእግሩ ሥር አገኛት። ጽሕፈቱ የእሱ ነበርና እሱ ተባረረ፤ ዓመቱንም ደገመ። እኔ ዝም አልሁ። በዚያ ሰሞን እኛ ተማሪዎች ፈተናው ከልክ በላይ ከባድ ነበር፣ መምህሩ ጨካኝ ነው፣ ደንቡ ልክ አይደለም እያልን ስንከራከር ሰነበትን። ሁላችንም ርቱዕ ተናጋሪዎች ነበርን፤ ከእኔም የበለጠ የተናገረ የለም። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን የጓደኛዬ ስም አልተነሣም። ከብዙ ዓመት በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ እኔ የረሳሁትን የፈተናውን ጥያቄ ሳይቀር ያስታውሰው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለም? ጓደኛዬ በሕይወት ስለ ነበር አስታወሰኝ። ሊዛቬታ ግን ሙታለችና፣ አንባቢው ወይም ተመልካቹ ካላስታወሰላት የሚያስታውስላት የለም።

ስለዚህ እኔ የአዘጋጁን በር አመሰግናለሁ። ጎርኪ መድረክ ሰውን ያሳምማል ብሎ ፈራ፤ ይህ መድረክ ግን ሕመሙን ለባለቤቱ አሳየው። ለራስኮልኒኮቭ ማዘን ኀጢአት አይደለም፤ ደራሲውም አዝኖለታል። ኀጢአቱ ለገዳዩ እያዘኑ ከበሩ ዘንድ የወደቀችውን ተሻግሮ ማለፍ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ መጽሐፍ ስታነቡ፣ ቴአትር ስታዩ፣ ወይም ስለ አገርና ስለ ወንድማችሁ ስትፈርዱ ልባችሁ ለማን እንዳደላ መርምሩ። ከዚያም ፍርዳችሁ የዘለለው ሰው እንዳለ ጠይቁ። ምክንያቱ ያማረ፣ ዓላማውም ትልቅ በሆነ መጠን በዚያ መካከል ስሟ ያልተጠራ አንዲት ሊዛቬታ መኖሯን ጠርጥሩ። እሷን ፈልጋችሁ ሳታገኙ «ትክክል ነው» ለማለት አትቸኩሉ።