የራቀውን ሰው የሚጠሩ መጻሕፍት

ከእምነቱ የራቀውን ሰው ለመመለስ የሚጻፍ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በወቀሳ ይጀምራል፤ ስለዚህም የሚፈለገው አንባቢ ከፊተኛው ገጽ አያልፍም። ይህም የደራሲው ክፋት አይደለም፤ ሰውየው ስለ ምን እንደ ራቀ አስቀድሞ ባለመመርመሩ የመጣ ጉድለት ነው እንጂ።

በዚህ ነገር ከጥንቶቹ ድርሰቶች ስሙ የገነነው የቅርጣግና ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ «ስለ ወደቁት» ብሎ የጻፈው ነው። በ250 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሮሜው ንጉሠ ነገሥት ዳክዮስ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ክርስቲያን ፈርቶ ሠዋ፤ ስደቱ ጋብ ሲል ግን ለመመለስ ለመነ። አንዱ ወገን በቶሎ ይግቡ አለ፤ የኖቫትያኖስ ወገን ደግሞ በሩ ይዘጋባቸው አለ። ቆጵርያኖስ በመካከል ቆሞ፥ በሩ አይዘጋም፥ መግቢያው ግን ንስሐ ነው አለ። ፍርዱ ቅን፥ ቃሉም ብርቱ ነው። ነገር ግን የተጻፈው የሚክደውን እያወቀ ለካደ ሰው ነው።

አንባቢ አሁን የይፋትን ቆላ ያስብ። ለእንጀራው ሲል ከአዲግራት ወይም ከሆሳዕና ወደ አጣዬ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት የመጣ አንድ ካቶሊክ፥ መምህር ይሁን የመንገድ ሠራተኛ፥ ጎረቤቱ ሙስሊም ወይም ኦርቶዶክሳዊ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊካውያን በመላው ኢትዮጵያ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞሉምና። በዓሉን ከጎረቤቱ ጋር በደስታ ይውላል፤ የራሱን ቅዳሴ ግን ሳይሰማ ዓመቱ ያልፋል። ይህ ሰው ምንም አልካደም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ጸሎቱ ይጠፋዋል፤ ጸሎቱ ሲጠፋው ያፍራል፤ ሲያፍርም አዲስ አበባ ቢወጣ እንኳ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ በሩቁ ያልፋል። ልጁ «እኛ ምንድን ነን?» ብሎ ቢጠይቀው መልስ የለውም። ለእርሱ የቆጵርያኖስ ተግሣጽ ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ነው።

ለዚህ ሰው የቀረበው «ያልተማሩትን ስለ ማስተማር» የተባለው የቅዱስ አውግስጢኖስ ትንሽ መጽሐፍ ነው። በ400 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈውም፥ ዲዮግራጽያስ የተባለ የቅርጣግና ዲያቆን ንግግሬ እየረዘመ ይቀዘቅዛል፥ እኔንም ይሰለቸኛል ብሎ ስላመለከተ ነው። አውግስጢኖስ ሰሚውን ሳይወቅስ አስተማሪውን ይመረምራል። ታሪኩን ከፍጥረት ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያን ዘመን በደስታ ንገር፤ ሰሚው ቆሞ ቢደክምም መቀመጫ ስጠው ይላል። ይህች የመቀመጫ ነገር ጥቃቅን ትመስላለች፤ የሰው ድካም የገባው መምህር ብቻ ግን ይጽፋታል። ጉድለቱ ለአዲስ መጪ የተጻፈ መሆኑ ነው። ተመላሹ አዲስ አይደለም፤ ጥምቀቱ አይደገምም፥ የሚጠበቅበት ኑዛዜና ትምህርት ነው። ይህን የሚነግረው ገጽ በዚያ መጽሐፍ አይገኝም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በአፋር ምድር አልፈው በ1868 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወደ ሸዋ የገቡት አቡነ ማስያስ አሥራ ሁለት ክፍል ትዝታ ትተዋል። ለታሪክ ወዳድ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለመማር ለተቸገረ ሰው ግን መንገዱና ቤተ መንግሥቱ ትምህርቱን ይውጡታል። ከዚህ ይልቅ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ይጠቅመዋል። እኒህ የጎጃም ሊቅ የእምነትን ነገር ከገዳም ገዳም እየጠየቁ ብዙ ዘመን ደከሙ፤ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1844 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሲገቡ ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፎ ነበር። እንዲያ ያለ መምህር በዚያ ዕድሜ እንደ ገና ደቀ መዝሙር ሆነ፤ ኋላም ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ለአገሩ ሰው የሚሆን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጀ። «በዚህ ዕድሜዬ አባታችን ሆይን ልማር?» ብሎ ለሚያፍር አባወራ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በጥያቄና መልስ የተሠራው ትምህርተ ክርስቶስ አብዛኛውን ጊዜ ለሕፃናት የታሰበ ነው፤ የአርባ ዓመት ሰው በሰው ፊት ሊገልጠው ያፍራል። የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በአማራ አገር ለተበተኑት የሚያስብ መንበር አለ። የጎደለው፥ በአጣዬ መናኸሪያ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ተነቦ የሚያልቅ፥ ጸሎቶቹን ከነትርጓሜያቸው የያዘ፥ በመጀመሪያው ገጽ ላይም ካህኑን የትና መቼ ማግኘት እንደሚቻል የሚናገር፥ በኪስ የሚገባ ያዋቂ መጽሐፍ ነው።